ትራይኮደርማ የቲማቲሜን ሥር ያድንልኛል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በቦዬ በኩል ሩብ ሄክታር በማይሞላ ማሳ ላይ በመስኖ ቲማቲም ያመርታሉ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ተክሉ ልክ አበባ ሲይዝ፣ ጠዋት ደህና የነበረው ከሰዓት ይጠወልጋል፤ ሲነቅሉት ሥሩ ቡናማ ሆኖ ያገኙታል። ሪዶሚል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ረጩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። አሁን አንድ ወዳጃቸው «ትራይኮደርማ የሚባል ደግ ፈንገስ አለ፤ አፈሩ ላይ ካደረግከው በሽታውን ይበላልሃል» ብሏቸዋል። «እውነት ነው? እውነት ከሆነ ስንት ልግዛ? መቼስ ላድርገው?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ነገሩ እውነት አለው። ወዳጅዎ የነገሩዎት ግን ግማሹን ነው፤ ገንዘብዎን የሚያድነው ደግሞ ያልነገሩዎት ግማሽ ነው። ስለዚህ «ስንት ልግዛ» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩትና አንድ ብርጭቆ ጥርት ያለ ውኃ ያዘጋጁ።

መጠውለግ የጀመረ፣ ነገር ግን ገና ያልደረቀ አንድ ተክል ይምረጡ። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው በንጹሕ ቢላ ይቁረጡና ጣት የምታህል ቁራጭ ይውሰዱ። የታችኛው ጫፏ ብቻ ውኃው ውስጥ እንዲገባ አድርገው ብርጭቆው አፍ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዟት። እጅዎ አይንቀጥቀጥ፤ በሽቦ ወይም በልብስ መቆንጠጫ ቢያስይዟት ይሻላል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዙረው ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ። ከቁራጯ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ወተት መሳይ ነገር ወደ ታች ሲወርድ ካዩ፣ ማሳዎን የያዘው ፈንገስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ራልስቶኒያ ይባላል፤ እኛ የባክቴሪያ አጠውልግ የምንለው ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ገበሬን ዝንጅብል የፈጀውም የዚሁ ባክቴሪያ ወገን ነው።

ወተቱ ከታየዎት ትራይኮደርማ አይግዙ። በአንዳንድ ሙከራ ጉዳቱን በመጠኑ ሲቀንስ ታይቷል፤ እኔ ግን ያንን ተስፋ አድርጌ የሰው ገንዘብ አላስወጣም። የታመመውን ከነሥሩና ከነአፈሩ አውጥተው ከማሳ ያርቁ። መስኖው በዚያ መስመር አልፎ ወደ ጤነኛው እንዳይወርድ ቦዩን ይዝጉ፤ ባክቴሪያው በውኃ፣ በመኮትኮቻና በጫማ ይጓዛል። ለተከታታይ ወቅቶች ቲማቲምን ብቻ ሳይሆን ድንችን፣ ቃሪያን፣ በርበሬንና ደበርጃንን ከዚያ መሬት ያርቁ፤ በምትካቸው በቆሎ ወይም ሽንኩርት ያስገቡ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የቲማቲም ዋጋ በሰማይ ሲወጣ በቆሎ ትከል የሚሉት ሰው አይወደድም።

ውኃው ጥርት ብሎ ከቀረ ግንዱን በቁመቱ ይሰንጥቁት። ከላጩ ሥር፣ እንጨቱ ላይ፣ የቀጠነ ሻይ የመሰለ ቡናማ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካዩ፣ በተለይም ቢጫነቱ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ በተክሉ አንድ ወገን ብቻ ከታየ፣ የሚጠረጠረው ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ነው። ግንዱ አፈር በሚነካበት ቦታ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታና የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ እንክብሎች ካሉ ስክለሮሺየም የተባለ ሌላ ፈንገስ ነው። ሥሩ እንደ ዶቃ ክር ቋጠሮ በቋጠሮ ከሆነ ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ትል። ችግኝ መደብ ላይ ገና ሳለ ግርጌው ቀጥኖ ዘፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ፒቲየም ወይም ራይዞክቶኒያ ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ላይ ሊመጡም ይችላሉ፤ ኔማቶድ ሥሩን ሲበሳው ፉዛሪየም በተከፈተለት በር ይገባል።

ሪዶሚልም የማይረባ ሆኖ አይደለም። ከሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። ሜታላክሲል የተባለው ቅጠል አጥቁሮ በሁለት ሦስት ቀን ማሳ የሚያጋድመውን በሽታና የእሱን ዘመዶች ይይዛል፤ ማንኮዜቡ የተረጨበት ቅጠል ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ፉዛሪየም የተቀመጠው ከአፈር በታች፣ ሥር ውስጥ፣ ውኃ በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

እንግዲህ የእርስዎ ችግር ፉዛሪየም፣ ራይዞክቶኒያ፣ ፒቲየም ወይም ስክለሮሺየም ነው እንበል። ትራይኮደርማ ቦታ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ትራይኮደርማ እንግዳ ፍጥረት አይደለም። በቡናዎ ጥላ ሥር የበሰበሰ ግንድ ቢገለብጡ የሚያዩት አረንጓዴ ዱቄት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ራይዞክቶኒያን ሲያጠቃ በ1932 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳየው ዋይንድሊንግ የተባለ ተመራማሪ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሐርዚያነም፣ አስፐሬለምና ቪሪዴ የተባሉት ዝርያዎች በየአገሩ በፓኬት ተሸጠዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሳሕን ላይ ፉዛሪየምን በአንድ ዳር፣ ትራይኮደርማን በሌላው ዳር ስናስቀምጥ ፉዛሪየም ሐምራዊ የነካካው ነጭ ጥጥ መስሎ ቀስ እያለ ይመጣል። ትራይኮደርማ ግን በሦስት ቀን ሳሕኑን አጋምሶ ይገናኘዋል፤ በአምስት በስድስተኛው ቀን ላዩ ላይ ወጥቶ አረንጓዴ ያለብሰዋል። ክዳኑን ከፈት ሲያደርጉት አንዳንዱ ዝርያ ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክሩ በራይዞክቶኒያ ክር ላይ ሐረግ ባሕር ዛፍ ላይ እንደሚጠመጠም ተጠምጥሞ፣ ግድግዳውን በሚያሟሟ ኢንዛይም በስቶ ውስጡን ይመጠዋል።

ወዳጅዎ «ይበላዋል» ያለው ይህንን ነው። ሳሕን ግን ማሳ አይደለም። አፈር ውስጥ ዋናው ሥራው ከመብላት ይልቅ መቅደም ይመስለኛል፦ ሥሩ የሚያወጣውን ስኳርና ቦታውን ቀድሞ ይይዛል፤ ሌላው ሲመጣ መግቢያ ያጣል። ሥሩ ላይ ሲቀመጥ ተክሉ ራሱ እንደ መንቃት ብሎ መከላከያውን ያዘጋጃል። ፉዛሪየም ቱቦው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ትራይኮደርማ ተከትሎት ገብቶ አያወጣውም። ስለዚህ አበባ ላይ ጠውልጎ ያዩት ተክል ሥር ላይ ቢያፈሱት ገንዘብዎን ነው ያፈሰሱት። መቼ ላድርገው ላሉት መልሴ ይህ ነው፦ ዘሩ ላይ፣ ችግኝ መደቡ ላይና ሲተክሉ ጉድጓዱ ላይ። ከዚያ ወዲያ ዘግይቷል።

ስለ መግዛት። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ሕጉ ሕይወት ያላቸውን የመከላከያ ምርቶችም ይመለከታል፤ ፓኬቱ ላይ የምዝገባ ቁጥር ይፈልጉ። የዝርያው ስም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ በግራም ውስጥ ስንት ሕያው ዘር እንዳለ መጻፍ አለበት፤ «ሲኤፍዩ» ተብሎ ይጻፋል፣ ደህና ምርት በግራም ከመቶ ሚሊዮን አያንስም። የተገዛው ነገር ሕያው ነው። በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው የከረመ ፓኬት መለያው ምንም ያህል ቢያምር አመድ ነው። ሻጩን የት እንዳስቀመጠው ይጠይቁ።

ሞቷል አልሞተም የሚለውን ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ጥቂት ሩዝ ቀቅለው፣ ውኃውን አጥልለው፣ በፈላ ውኃ በታጠቡ ሁለት ብርጭቆዎች ገና ትኩስ ሳለ ይክፈሉትና ወዲያው በንጹሕ ወረቀት ይሸፍኑ። ሲቀዘቅዝ በአንዱ ላይ ብቻ ከፓኬቱ በቢላ ጫፍ ጣል ያድርጉበት፤ ሁለተኛውን ባዶውን ይተዉት። በአራት በአምስት ቀን ዱቄት የነካው መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆኖ ባዶው ንጹሕ ከሆነ ምርቱ በሕይወት አለ። ሁለቱም ከሻገቱ ሙከራው ተበላሽቷል፤ እንደገና ይሞክሩ። ሩዙን በኋላ ይቅበሩት፤ ለዶሮ እንዳይሰጡ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። አረንጓዴ የሆነ ሻጋታ ሁሉ ትራይኮደርማ አይደለም። በቆሎና በርበሬ ላይ መርዝ የሚያወጣው አስፐርጂለስም አረንጓዴ ነው። «ከበሰበሰ እንጨት ወስጄ በበቆሎ ላይ አራባሁት» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ምን እንዳራቡ አያውቁም። ያለ ላቦራቶሪ ይህን አያድርጉ።

አሁን አጠቃቀሙ። ፓኬቱ ላይ ያለው መጠን ይቀድማል፤ በሰፊው የሚሠራበት ልማድ ግን እንዲህ ነው። ለ100 ግራም የቲማቲም ዘር 1 ግራም ያህል ዱቄት በጥቂት ጠብታ ውኃ ለውሰው ያሹታል፤ በጥላ ጠፈፍ ሲል ይዘራል። ዘርዎ ከፋብሪካ በቀይ ወይም በሰማያዊ መድኃኒት ተቀብቶ የመጣ ከሆነ ይህን ይዝለሉት፤ መድኃኒቱ ፈንገሱን ይገድለዋል።

ትልቁ ሥራ ፍጉ ላይ ነው፤ እኔ በአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ አውጣ ብባል እዚህ ላይ አወጣለሁ። በደንብ የበሰለና የቀዘቀዘ 100 ኪሎ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጥላ ሥር ይዘርጉ። እጅዎን ሲከቱበት የሚያቃጥል ከሆነ ገና ነው፤ ሙቀቱ ይገድለዋል። 1 ኪሎ ትራይኮደርማ ይበትኑበትና ውኃ እያርከፈከፉ ያገላብጡ። እርጥበቱን በጭብጥዎ ይለኩ፦ ሲጨብጡት ይያያዝ፣ በጣትዎ መሐል ግን ውኃ አይውጣ። በኮባ ወይም በላስቲክ ይሸፍኑት። በየሦስት አራት ቀኑ ያገላብጡት፤ ከደረቀ ውኃ ይጨምሩለት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሲገልጡት ነጭ ክር፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነቁጥ ያያሉ፤ ሽታውም ከፍግ ወደ ዝናብ የነካው ጫካ ይለወጣል። ያኔ ደርሷል። አንዱን ክፍል ከችግኝ መደቡ አፈር ጋር ይደባልቁ፣ የቀረውን ሲተክሉ በየጉድጓዱ አንድ ሁለት እፍኝ ያድርጉ። ፀሐይ ላይ አያድርቁት።

ጅማ ላይ የቡና ገለፈት ስለሞላ ብዙ ሰው በእሱ ይጠይቀኛል። ይሆናል፤ ትራይኮደርማም ገለፈቱን ለማብላላት ያግዛል። ነገር ግን ጥሬ ገለፈት ችግኝ ይጎዳል፣ ካፌይንና ታኒን አለበት፤ ከከብት ፍግ ጋር ተደባልቆ ወራት ቆይቶ ጥቁር ካልሆነ ጉድጓድ ውስጥ አይግባ።

ሲተክሉ ደግሞ ከመደቡ የነቀሉትን ችግኝ ሥሩን በሊትር 10 ግራም ትራይኮደርማ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ለሃያ ሠላሳ ደቂቃ ነክረው በመሸ ጊዜ ይትከሉ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲበር በባልዲ አሳድረው ይጠቀሙበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ፈንገሱ ይዘገያል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው በደንብ የሚሮጠው። ስለዚህ የመስኖው ቲማቲም መደብ ገና በጥቅምት ሲዘጋጅ ቢገባ ጥሩ ነው።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰቃ ጨቆርሳ አካባቢ አንድ ገበሬ ጋር ይህንኑ ፍግ አዘጋጅተን፣ አረንጓዴው ሲያምር በስልክ ፎቶ ሁሉ አንስተን ተከልን። በሳምንቱ ስመለስ ሰውየው «እንዲጠነክር ብዬ» ካርበንዳዚም በየሥሩ አጠጥተው ጠበቁኝ። ካርበንዳዚም ፈንገስ ገዳይ ነው፤ የእኛን ደግ ከክፉው አይለይም። ሰውየው ምን ያጠፉት አለ? «ሌላ መድኃኒት አይጨምሩ» ሳልል የሄድኩት እኔ ነኝ። ካርበንዳዚም፣ መዳብ ያለባቸውና ማንኮዜብ ሥር ላይ አይፍሰሱ። ለቅጠል በሽታ መርጨት ግድ ከሆነ ቅጠሉ ላይ ብቻ፣ ወደ አፈር እስኪንጠባጠብ ሳያበዙ፣ ከትራይኮደርማው ጋር አንድ ሁለት ሳምንት አራርቀው።

ስለ አፈርዎ ደግሞ። የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ፉዛሪየም አሲዳማ አፈር ይስማማዋል፣ ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ይብስበታል። ኖራ ጨምሮ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 6.5 ማድረስ በራሱ በሽታውን የሚቀንስ ነው። ትራይኮደርማ በበኩሉ ትንሽ አሲድ ይወዳል፤ ኖራና ትራይኮደርማ አንድ ቀን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይገናኙ። ኖራው ከመትከል አንድ ወር ቀደም ብሎ በማሳው ሁሉ ይበተን፤ መጠኑን አፈሩን አስመርምረው ይወስኑ እንጂ በግምት አይሁን። የቦዬ ዳር መሬት ውኃ ይተኛበታልና መደቡን ከፍ አድርገው ይሥሩ። ውኃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ሲታፈን ፒቲየም ይነግሣል፤ ያኔ የትኛውም ፓኬት አያድነውም።

ዘሩንም ይመልከቱ። ሮማ ቪኤፍ በተባለው የቲማቲም ዝርያ ስም ላይ «ኤፍ» የተጨመረችው ለፉዛሪየም መቋቋም አለው ለማለት ነው፤ «ቪ» ቨርቲሲሊየም ለተባለ ሌላ አጠውልግ ፈንገስ ነው። ለሁሉም የፉዛሪየም ዓይነት አይደለም፣ ከራሱ ማሳ ፍሬ ጨምቆ ከሚዘራ ስሙ ከማይታወቅ ዘር ግን ይሻላል።

አንድ ሌላ ፈንገስ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከትራይኮደርማ ጋር የሚምታታ፤ ማይኮራይዛ። ይህኛው በሽታን የሚያሳድድ አይደለም፤ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ይኖርና ክሩን ወደ ሩቅ አፈር ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣለታል። ቀይ አፈራችን ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የጠገበ ሥርም በሽታን ይበልጥ ይቋቋማል። ሥሩን ለመያዝ ሳምንታት ስለሚፈልግ እሱም ችግኝ መደብ ላይ ነው የሚገባው። ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ በገፍ ከተጨመረ ተክሉ ራሱ ፊቱን ያዞርበታል። ጎመን ይህን ፈንገስ አያስጠጋም፤ በቆሎና ሽንኩርት ግን ያኖሩታል፤ ከቲማቲም በፊት ምን እንደሚዘሩ ሲያስቡ ይህንንም ያስቡ። «ከጫካ ቡና ሥር አፈር አምጥቼ ልበትን?» የሚሉ አሉ። አይሆንም። ከደጉ ጋር ኔማቶዱንም ተሸክመው ይመጣሉ።

ሥሩ ዶቃ ያሠረ ከሆነ ለብቻው ሌላ መልስ አለው፦ ፐርፐሪዮሲሊየም ሊላሲነም የሚባል ፈንገስ የኔማቶድን እንቁላል እየበሳ ይበላል። እሱም ምርት ሆኖ በሌሎች አገሮች ይሸጣል። አጠቃቀሙ ከትራይኮደርማው ብዙም አይርቅም፤ ፍግ ውስጥ አድሮ ቀድሞ ይገባል።

እንጉዳይ የሚያመርት ጎረቤት ካለዎት ወይም ራስዎ የሚሞክሩት ከሆነ ይህን ፍግ ከዚያ ቤት አርቁ። ለቲማቲም ዘበኛ የሆነው ትራይኮደርማ ለእንጉዳይ ሌባ ነው፤ ከረጢቱን አረንጓዴ አድርጎ ያወድመዋል። ዱቄቱን ሲበትኑም አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሁን፤ አስም ያለበት ወይም ሕመም ያዳከመው ሰው ባይነካው ይሻላል።

የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ማሳውን አይሸፍኑ። ሁለት መደብ በትራይኮደርማ፣ ሁለት መደብ በዚያው ፍግ ያለ ትራይኮደርማ ይትከሉ፤ በእንጨት ምልክት አድርገው የጠወለገውን በየሳምንቱ ይቁጠሩ። እኔ ልዩነት እጠብቃለሁ፤ ሁሉም ይድናል ብዬ ግን አልልም። ልዩነት ካጡ ያ ምርት ለእርስዎ አፈር አልተስማማም፤ አንድ ስም ያላቸው ትራይኮደርማዎች እንኳ ጠባያቸው ይለያያል። ለዚህም ነው ከአገራችን ቡና ሥር የተለዩት በቡና ድርቀት ፈንገስ ላይ እየተሞከሩ ያሉት፤ እሱም ሌላ የፉዛሪየም ዓይነት ነው።

የብርጭቆው ፈተና ግራ ካጋባዎት ናሙና ይዘው ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ እነሱ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም መልኮ ወዳለው ምርምር ማዕከል ሊመሩዎት ይችላሉ። ፈጽሞ የደረቀ ተክል አይውሰዱ፤ ከሞተ በኋላ መቶ ዓይነት ሻጋታ ይወርሰዋልና የገደለው የቱ እንደሆነ አይለይም። ግማሹ የጠወለገ ሁለት፣ ጤነኛ አንድ፣ ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው በመቆፈሪያ ያውጡ። በጋዜጣ ይጠቅልሉ፤ በፌስታል ታፍኖ ካደረ ይበሰብሳል። ጠዋት ነቅለው በዚያው ቀን ያድርሱት፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት እዚያ መሬት ላይ ምን እንደተዘራና ምን እንደተረጨም በወረቀት ጽፈው አብረው ይስጡ።